ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው እርሳስና የልጆቻችን አእምሮ

በቋንቋችን «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ተማሪ ሁሉ በጣቶቹ መካከል ይዞት የሚውለው መጻፊያ ነው። ሁለተኛው የአቶም ቁጥሩ 82 የሆነ፣ ከውሃ ከ11 ጊዜ በላይ የሚከብድ፣ ለስላሳና ግራጫ ብረት አስተኔ ነው። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት በመሆኑ ከሁለተኛው እርሳስ ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው የለም። በልጅነቴ እርሳስ ሳኝክ ያየችኝ እናቴ «መርዝ ነው፣ አውጣው!» እያለች እጄን ትመታ ነበር። እውነተኛውን እርሳስ በጓሯችን በጣሳ ሳቀልጥ ግን አይታ ዝም ብላኛለች። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ዝም የተባለበትን ነው።

እርሳስ ማቅለጥ በነቀምቴ ላደግን የእኔ ዘመን ልጆች የታወቀ ጨዋታ ነበር። ከጋራዥ አጥር ሥር የተጣለ የባትሪ ሰሌዳ እንለቅማለን፤ በሰርዲን ጣሳ አድርገን ከሰል ላይ እናስቀምጣለን፤ ሲቀልጥ በጭቃ ላይ ባበጀነው ቅርጽ ውስጥ አፍስሰን ኮከብ፣ መስቀል፣ ለመንጠቆ የሚሆን ክብደት እንሠራለን። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ለዚህ ሥራ የቡና ከሰል ይበቃል። መዳብ ቢሆን ኖሮ ከሺህ ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ጨዋታው ገና ከመነሻው በቀረ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ጥናቴ በውጭ አገር ወደ አንድ ቤተ ሙከራ ስገባ ያንኑ እርሳስ በሌላ መልኩ አገኘሁት። ጋማ ጨረርን ለመከለል በጡብ ቅርጽ የተሠራ እርሳስ እንደረድር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጡቦቹን በባዶ እጄ ማንሳት ስጀምር የደኅንነት ኃላፊው አስቆሙኝ። ጓንት ሰጡኝ፤ ሥራዬን ስጨርስ እጄን በሳሙና እንድታጠብ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ውሃ እንኳ እንዳልጠጣ አስጠነቀቁኝ። እኔ የፈራሁት ጨረሩን ነበር፤ እርሳቸው የፈሩልኝ ደግሞ ከጨረሩ እንዲጠብቀኝ የተቀመጠውን ጡብ ነበር።

ከአብሮ አደጎቼ አንዱ ዛሬ በነቀምቴ ባትሪ ይጠግናል። የሞተ ባትሪ ይከፍታል፤ የተበላሸውን ሰሌዳ ያወጣል፤ እርሳስ አቅልጦ ማያያዣ ያፈስሳል፤ የተረፈውን ለቁራሌው ይሸጣል። ሥራው የሚከናወነው ቤተሰቡ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የአምስት ዓመት ልጁ ከማቅለጫው አጠገብ በግራጫው አፈር ሲጫወት ባየሁ ጊዜ ስለ ጡቦቹና ስለ ጓንቱ አጫወትኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! እኔና አንተ ስንት ጣሳ አቅልጠን አደግን? ምን ሆንን? አንተ ዶክተር ሆንክ፤ እኔም ይኸው ሠርቼ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ» አለኝ። ያን ቀን የሚያረካ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ያደጉት አገሮች ሳይንቲስቶችም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲከራከሩበት ኖረዋል። መልሱን ለማግኘት ግን በቅድሚያ እርሳስ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብረት ለደም፣ ካልሲየም ለአጥንት፣ ዚንክ ለብዙ ኢንዛይሞች ያገለግላል። እርሳስ ለሰው አካል የሚሰጠው አንዳችም ጥቅም የለም። አደገኛ ያደረገው መመሳሰሉ ነው። ሁለት ኤሌክትሮኖችን ያጣ የእርሳስ አዮን በኤሌክትሪክ ሙሉ ከካልሲየም አዮን ጋር እኩል ነው፤ በመጠንም ብዙ አይርቅም። ስለሆነም በአንጀት ግድግዳ ላይ ለካልሲየም የሚከፈተው በር ለእርሳስም ይከፈታል። አንድ ጎልማሳ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ሲሆን፣ አጥንቱ በማደግ ላይ የሚገኝ ሕፃን ግን እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። ምግቡ ካልሲየምና ብረት ያነሰው ሕፃን ደግሞ ከዚህም የባሰ ይስባል። የተራበው አካል ካልሲየም ፍለጋ በሩን ይበልጥ ይከፍታል፤ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ድህነትና እርሳስ የሚተጋገዙት በዚህ መንገድ ነው።

ደም ውስጥ የገባው እርሳስ ሄሞግሎቢንን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች የአንዱን የዚንክ ቦታ ነጥቆ ይቀመጣል፤ ውጤቱም ደም ማነስ ነው። በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚተላለፈው በካልሲየም አማካይነት ስለሆነ፣ በአንጎል ውስጥ የሐሰት መልእክተኛ ሆኖ ይገባል፤ እውነተኛውንም መልእክት ያግዳል። በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ መጠኑ ሲበዛ የሆድ ቁርጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መዛል ያስከትላል። ነፍሰ ጡሮችን ለውርጃ ያጋልጣል። በጣም ከፍ ባለ መጠን ሕፃናትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም።

ከደም ውስጥ ግማሹ እርሳስ በአንድ ወር ገደማ ይወጣል። ይህ የሚያጽናና ይመስላል። ነገር ግን የወጣው ሁሉ በሽንት አይወገድም፤ ብዙው ወደ አጥንት ይገባል። በአንድ ጎልማሳ አካል ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው በአጥንት ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ያለው ግማሽ ዕድሜ በዐሥርተ ዓመታት ይቆጠራል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ የራዲዮአክቲቭ መፈራረስን ማስታወሳቸው አይቀርም፤ ሒሳቡም ያው ነው። (በነገራችን ላይ፣ በሕያው ሰው አጥንት ውስጥ ያለውን እርሳስ ያለ ቀዶ ጥገና መለካት ይቻላል። የእርሳስን የውስጠኛ ኤሌክትሮን ለመንቀል 88 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስፈልጋል። ካድሚየም 109 የተባለው አይሶቶፕ የሚያወጣው ጋማ ጨረር ጉልበቱ ከዚህ በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ በመሆኑ ለዚህ ሥራ እንደተፈጠረ ይቆጠራል።) የተከማቸው እርሳስ በአጥንት ታስሮ አይቀርም። ሴት ልጅ ነፍሰ ጡር ስትሆንና ስታጠባ ለልጇ የሚሆን ካልሲየም ከአጥንቷ ሲቀነስ፣ በልጅነቷ የሰበሰበችው እርሳስም አብሮ ይወጣል። በዚህም ከባትሪ ጋር ፈጽሞ ያልተገናኘ ሕፃን ገና ሳይወለድ የእናቱን የልጅነት ጓሮ ይወርሳል።

«ስንት ቢሆን ነው የሚጎዳው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ትንሽ ሕፃን ደም ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘበት ሰው ምንጩ ተፈልጎ ከዚያ እንዲርቅ ይመክራል። ይህ በሕፃኑ ደም ሁሉ ተደምሮ 50 ማይክሮግራም ይሆናል። 50 ማይክሮግራም እርሳስ ጎኑ አንድ ስድስተኛ ሚሊ ሜትር የሆነች ኩብ ናት፤ ከጨው ቅንጣት ታንሳለች። አንድ ግራም እርሳስ የ20,000 ሕፃናትን ደም ወደዚህ መጠን ለማድረስ ይበቃል ማለት ነው። አንድ የመኪና ባትሪ የሚይዘው እርሳስ ግን በኪሎ ግራም ይመዘናል። ከዚያ ላይ በጥፍር ሥር የምትገባውን ብናኝ ማን ያያታል? ድርጅቱ ደግሞ 5 ማይክሮግራም ለእርምጃ መነሻ እንጂ ከጉዳት ነጻ የሚያደርግ ወሰን አለመሆኑን፣ ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል መጠን እንዳልታወቀም በግልጽ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ ስለ ወተት አንድ ነገር ልበል። በጋራዥና በቀለም ቤት የሚሠሩ ወንድሞቻችን ማታ ማታ ወተት ሲጠጡ «መርዙን ያረክሰዋል» ይላሉ። ወተት ካልሲየም ስላለው አንጀት የሚስበውን እርሳስ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ በሳንባ የገባውን ግን አያግድም፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠውንም አያወጣም። ወተቱ ደግሞ የተጠጣው ባልታጠበ እጅ ከሆነ ሰውየው መድኃኒቱንና መርዙን አብሮ ጠጥቷል። እርሳስን ከደም የሚያወጡ መድኃኒቶች በሆስፒታል ይሰጣሉ፤ መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ሕይወት ያድናሉ። በሕፃን አእምሮ ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን አይመልሱም።

ወደ አብሮ አደጌ ጥያቄ ልመለስ። «እኛስ ምን ሆንን?»

ጥያቄው የሚያሸንፈን ስለ አንድ ሰው ስለሚጠይቅ ነው። እርሳስ በትንሽ መጠን ሲገባ ልጁን አልጋ ላይ አይጥለውም። ትኩረቱን ይቀንሳል፤ ትዕግሥቱን ያሳጥራል፤ የመማር ችሎታውን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል። አሜሪካዊው ሐኪም ኸርበርት ኒድልማን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት የወላለቁ የወተት ጥርሶችን ከትምህርት ቤት ልጆች ሰብስበው ለኩ። ምንም የሕመም ምልክት ካልነበራቸው ልጆች መካከል ጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የያዘው በአእምሮ ፈተናም በክፍል ውስጥ ጠባይም ከሌሎቹ አንሰው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ከ1,300 በላይ ልጆች መረጃ በአንድነት ሲመረመር፣ በደም ያለው እርሳስ ከ1 ማይክሮግራም በታች ወደ 10 ሲያድግ የአእምሮ ፈተናው ውጤት በ6 ነጥብ ያህል ቀንሶ ታየ። ከዚህ ጉዳት የሚበዛው ደግሞ በዝቅተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ነው።

አምስት ስድስት ነጥብ ለአንድ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። በስታቲስቲክስ ትምህርት የምናውቀውን የደወል ቅርጽ ያለውን ሥርጭት አስቡ። የፈተናው አማካይ 100፣ መደበኛ ልዩነቱ 15 ሲሆን ከ130 በላይ የሚያገኙት ከ1,000 ልጆች 23 ያህል ናቸው። መላውን ደወል በ5 ነጥብ ብቻ ወደ ግራ ብንገፋው ግን 10 ብቻ ይቀራሉ። በሌላው ጫፍ ከ70 በታች የሆኑት ከ23 ወደ 48 ያድጋሉ። ስለዚህ ለአብሮ አደጌ ልሰጠው የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር፦ እኔም አንተም ምን እንደሆንን አናውቅም፤ ምክንያቱም ጣሳውን ያላቀለጥነው እኔና አንተ አልተወለዱም። እኔ ዶክትሬቴን ያገኘሁት እርሳሱ ስላልጎዳኝ መሆኑን የሚያስረዳልኝ ሰው የለም። ከዚያ ጨዋታ ጓደኞቻችን መካከል ትምህርቱ አልገባ ብሎት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠውን፣ «ሰነፍ» እየተባለ የተገረፈውን ማን መረመረው?

እርሳስ በየቦታው ተበትኖ እንደሚኖር ያስተዋለው የሥነ ምድር ኬሚስት ክሌር ፓተርሰን ነው። የምድርን ዕድሜ ለማወቅ በሜትዮራይት ውስጥ ያሉትን የእርሳስ አይሶቶፖች ይለካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956ም 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አሳተመ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ልኬቱ አልገጥም ይለው ነበር። ችግሩ ከመሣሪያው አልነበረም፤ ከአየሩ፣ ከአቧራው፣ ከራሱ ፀጉርና ልብስ የሚረግፍ እርሳስ ናሙናውን ይበክል ነበር። ምንጩንም ሲከታተል በዋናነት ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ሞተር እንዳያንኳኳ በሚል የተጨመረው ይህ ቅመም ከዓለም ገበያ ፈጽሞ የወጣው በ2021 አልጄሪያ ሽያጩን ስታቆም ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ተሰናብተውታል። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሕፃናት አማካይ መጠን 15 ማይክሮግራም ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ1 በታች ነው። ይህን ለውጥ ያመጣው ክትባት ወይም አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ምንጩን መዝጋት ነው።

በአገራችንም የቤንዚኑ በር ተዘግቷል። የቀለሙም በር በሕግ ተዘግቷል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳና በር ግን ዛሬም እየተላጠ ነው፤ የቆየ የክፍል በር በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ተማሪ ካያችሁ አስቁሙት።

ያልተዘጋው በር የባትሪው ነው። ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚህ ደርሶ ወደ ጊምቢና አሶሳ፣ ወደ በደሌና ጅማ፣ ወደ ቡሬ ይከፈላል። ቡና የጫነው መኪና፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ ሁሉ ባትሪ አለው። መብራት በሚጠፋባቸው ከተሞችና የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ደግሞ የመኪና ባትሪ ቴሌቪዥን ያበራል፣ ሞባይል ይሞላል፣ ከፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ጋር ተያይዞ ሌሊቱን ያሳልፋል። እነዚህ ባትሪዎች በጥቂት ዓመታት ይሞታሉ። የሞተ ባትሪ በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በደምቢ ዶሎም አይጣልም፤ እርሳሱ ገንዘብ ነው።

ከእኛ በበደሌ መንገድ ላይ በምትገኘው ጅማ የጋራዥ ሠራተኞች ደም ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። የተመረመሩት ሠራተኞች ሁሉ በዴሲ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ የተገኘባቸው ሲሆን፣ ግማሽ የሚጠጉት ከ20 በላይ ነበሩ። በጋራዥ የቆዩበት ዘመን በረዘመ ቁጥር መጠኑም ያድግ ነበር። በሥራ፣ በመኪናና በመንገድ ረገድ የጅማ ጋራዥ ከነቀምቴ ጋራዥ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። እነዚህ ሠራተኞች ማታ ልብሳቸውን የሚያወልቁት ቤታቸው ነው።

ጉዳዩ ከቁጥር አልፎ ምን ሊሆን እንደሚችል በሴኔጋል ታይቷል። በዳካር ከተማ ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር ነዋሪዎች ለዓመታት አሮጌ ባትሪ ይከፍቱ ነበር። የእርሳስ ዋጋ ሲጨምር በእርሳስ የተሞላውን አፈር ራሱን እየወነፉ፣ በጆንያም ወደ ቤታቸው እያስገቡ መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። በናይጄሪያ ዛምፋራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ በመኖሪያ ግቢ መፍጨት ከ400 በላይ ሕፃናትን ገድሏል። ማዕድን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሆኖም በነጆ አካባቢ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ለሚያወጡ ወገኖች ድንጋይ በመኖሪያ ቤት አለመፍጨት የሚመከር ልማድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ግቢዎቹን በፖሊስ ማዘጋት የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። የተዘጋ ግቢ ሌሊት ይከፈታል፤ ጭሱም ከጓሮ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። አብሮ አደጌም የሚኖረው በዚህ ሥራ ነው። የሚሻለው ባትሪው ወደ ግቢው እንዳይመጣ ማድረግ ነው። አዲስ ባትሪ ሲሸጥ የመያዣ ገንዘብ ይቀመጥ፤ ገዢው አሮጌውን ሳይከፍት ለሻጩ ሲመልስ ገንዘቡን ይውሰድ። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በዚህ ዓይነት ስንመልስ ኖረናል፤ ለባትሪ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ማቅለጡ መርዙን የሚይዝ ማጣሪያ ባለው ፋብሪካ ይሁን። እስከዚያው ከተማው ለባትሪ ጠጋኞች ከመኖሪያ የራቀ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ውሃ ያለው አንድ የጋራ ሥፍራ ቢሰጣቸው ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የእኛም ድርሻ አለ። የእርሳስ አቶም 283.3 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ለይቶ እንደሚውጥ ተማሪዎቻችን በፈተና ይጽፋሉ። በዚሁ ጠባይ በአፈር ውስጥ ያለውን እርሳስ መለካት ይቻላል፤ የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ የሚል ተማሪ በየዓመቱ በሬን ያንኳኳል። በወለጋ ከተሞች ያሉትን የባትሪ ግቢዎች ካርታ ያንሣ፤ ከማቅለጫው አንድ እርምጃ፣ ዐሥር እርምጃ፣ ሃምሳ እርምጃ ርቆ አፈር ይውሰድ፤ የአቅራቢያውን ትምህርት ቤት ሜዳም አይርሳ። ከሌላ አገር መጽሐፍ የተገለበጠ የሴሚኮንዳክተር ቀመር ከምናነብ ይህን ብናነብ እመርጣለሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ አብሮ አደጌ ግቢ ተመልሼ ስለ ደወሉ ቅርጽ በወረቀት ሥዬ አስረዳሁት። ሥዕሉን ብዙ አላየውም። «ታዲያ ልጁ አሁን ምን ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። ደሙን እንዲያስመረምርለት፣ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና እንዲያስታጥበው፣ ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ እንዲሰጠው፣ ግራጫውን አፈር በደረቁ እንዳይጠርገው ነገርኩት። ማቅለጫውን ከአጥሩ ውጭ ወደ ወንዙ በኩል አወጣው። ወንዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ እንደሆነ ስነግረው ተቆጣኝ። የሥራ ልብሱን እስከ አሁን ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ነው የሚያጥቡት፤ በእርሱ ላይ ገና እየተከራከርን ነው።